ጓያና ኅብለ ሰረሰር፦ ሊቀር የሚችል ሽባነት የምርምር ታሪክ

መግቢያ

የኅብለ ሰረሰር በሽታዎች የምርምር ታሪክ በሚነገርበት ጊዜ አዘውትረው የሚጠቀሱት የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሆስፒታሎች ናቸው። ይሁን እንጂ የኅብለ ሰረሰርን የነርቭ ጭራዎች አመንምነው የሰውን እግር ከሚያስሩ በሽታዎች መካከል አንዱ ስለ አመጣጡና ስለ መከላከያው የሚታወቀው ነገር ጉልህ ክፍል የተገኘው ከደንቢያ፣ ከፎገራና ከደላንታ መንደሮች ነው። ይህ በሽታ በሕክምና ቋንቋ ኒውሮላቲሪዝም ይባላል። የገጠሩ ሕዝብ ግን በምክንያቱ ጠርቶት የጓያ በሽታ ይለዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የበሽታውን የምርምር ታሪክ ከዓለም አቀፉ የኅብለ ሰረሰር ምርምር አቅጣጫ ጋር አያይዞ ማቅረብና በሐዋሳና በአካባቢዋ ለሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዓለም አቀፉ የምርምር አቅጣጫ

ኅብለ ሰረሰር የሚመናመንበትን ምክንያት ለማወቅ የተደረገው ጥረት በአራት መንገዶች ተጉዟል።

የመጀመሪያው የምግብ ጉድለት መንገድ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሊክትሃይም በ1887 ከባድ የደም ማነስ ያለባቸው ሕሙማን ኅብለ ሰረሰራቸውም እንደሚጎዳ ገለጸ። በ1900 ራስል፣ ባተንና ኮሊየር የተባሉ የለንደን ሐኪሞች የጉዳቱን መልክ በዝርዝር አቀረቡ። ማይኖትና መርፊ በ1926 ጉበት በብዛት በመመገብ ደም ማነሱን ማዳን እንደሚቻል አሳዩ፤ በ1948 ደግሞ ቫይታሚን ቢ-12 ተለይቶ ወጣ። አንድ የኅብለ ሰረሰር በሽታ ከስም ወደ መንስኤ፣ ከመንስኤም ወደ መድኃኒት ለመሸጋገር ስድሳ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል ማለት ነው።

ሁለተኛው የልክፍት መንገድ ነው። ፐርሲቫል ፖት በ1779 ከአከርካሪ መጉበጥ ጋር የሚመጣውን የእግር ሽባነት የገለጸበት ጽሑፍ ዛሬ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ለምንለው በሽታ መነሻ ሆኗል። በ1985 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በማርቲኒክ ደሴት የሚታየውን የእግር መገተር ኤች.ቲ.ኤል.ቪ.-1 ከተባለው ቫይረስ ጋር አያያዙት፤ በቀጣዩ ዓመት የጃፓን ሐኪሞች ተመሳሳይ ግኝት አቀረቡ።

ሦስተኛው የአከርካሪ መሸርሸር መንገድ ነው። በ1952 ብሬይን፣ ኖርዝፊልድና ዊልኪንሰን በዕድሜ ምክንያት የሚሸረሸረው የአንገት አከርካሪ ኅብለ ሰረሰሩን ተጭኖ እንደሚጎዳ ያስረዱበትን ሰፊ ጥናት አሳተሙ። የኤም.አር.አይ. ምርመራ በ1980ዎቹ ከተስፋፋ በኋላ በዚህ ዘርፍ የሚወጡ ጽሑፎች ቁጥር በፍጥነት አደገ። በ2015 ለበሽታው አንድ የጋራ ስያሜ እንዲሰጠው ሐሳብ ቀረበ፤ በ2017 ደግሞ ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያ ወጣ። ዛሬ ስለ ኅብለ ሰረሰር መመናመን ከሚጻፈው እጅግ የበዛው ይህንን የሚመለከት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ምርምሩን የሚያካሂዱት አገሮች ሕዝባቸው በዕድሜ የገፋ፣ የምስል መሣሪያና የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና የተሟላላቸው ናቸው።

አራተኛው የመርዝ መንገድ ነው። ይህ መንገድ ከሁሉ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ያለው ቢሆንም ጥቂት ተጓዦች ብቻ ያሉት ነው። ተጠቂዎቹ ወጣት ገበሬዎችና ልጆች ሲሆኑ የሚገኙትም ከሆስፒታል ርቀው ነው። የጓያ ታሪክ የሚገባው በዚህ መንገድ ውስጥ ነው።

የአንድ ጥራጥሬ ረጅም ታሪክ

ጓያ በእጽዋት ሳይንስ ላቲረስ ሳቲቨስ የሚባል ጥራጥሬ ነው። ዝናብ ሲያጥር ይጸናል፤ ውኃ በሚቋጥር ጥቁር አፈር ላይ ሌላው ሰብል ሲበሰብስ እርሱ ይቆማል፤ ማዳበሪያና ብዙ እርሻ አይጠይቅም። በፕሮቲንም የበለጸገ ነው። ባቄላው፣ ሽምብራውና ጤፉ በድርቅ ሲጠፋ ማሳ ላይ የሚቀረው ጓያ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለድሀው ገበሬ ባለውለታ ያደረገው ይህ ጠባዩ ነው፤ አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ጓያ በጥቂቱና ከሌላ እህል ጋር ሲበላ ሽባ አያደርግም። ሰው የሚጎዳው ከዕለት ምግቡ ሢሶውን ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ከጓያ ብቻ እያገኘ ለሁለትና ለሦስት ወራት ወይም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ሲቆይ ነው። ስለዚህም በሽታው በየዘመኑ የረሃብ ጥላ ሆኖ ሲከተል ኖሯል። በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት ጥንታዊ የግሪክ የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ አይኖስ በተባለች ከተማ ጥራጥሬ ብቻ ይበሉ የነበሩ ሰዎች እግራቸው እንደደከመ ተመዝግቧል። በ1671 የቩርተምበርግ መስፍን የጓያን ዱቄት ከዳቦ ጋር መቀላቀልን በአዋጅ ከልክሏል። ሠዓሊው ጎያ በ1811 እና በ1812 ማድሪድን ከመታት ረሃብ በመነሣት የጓያ ገንፎ የሚታደልበትን ሥዕል ቀርጾ አልፏል። በ1830ዎቹ የእንግሊዝ ሹም የነበረው ስሊማን በመካከለኛው ህንድ የሰብል መጥፋት ተከትሎ ወጣቶች ከወገባቸው በታች መስነፋቸውን ጽፏል። በ1873 የኔፕልሱ ሐኪም ካንታኒ በሽታውን ከጥራጥሬው ስም ወስዶ ላቲሪዝም አለው።

ከእነዚህ ሁሉ ማስታወሻዎች አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ሕዝቡ ከሐኪሞች በፊት መንስኤውን ያውቅ ነበር። ችግሩ መንስኤውን አለማወቅ ሳይሆን የሚበላ ሌላ ነገር ማጣት ነበር።

የቫፕኒያርካ ማስረጃ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በሮማኒያ አስተዳደር ሥር በነበረው የዩክሬን ምድር ቫፕኒያርካ የሚባል የእስረኞች ሰፈር ነበር። በ1942 ወደዚያ ለተጋዙ አይሁድ የሚሰጣቸው ዋና ምግብ ለከብት መኖነት የተዘጋጀ ጓያ ነበር፤ ለአንድ ሰው በቀን 400 ግራም ያህል እየተቀቀለ ይታደል ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ እስረኞች እግራቸው ይገተር፣ ይንቀጠቀጥና መራመድ ያቅታቸው ጀመር። ከእስረኞቹ አንዱ የነበሩት ዶክተር አርተር ኬስለር የበሽታውን ምንነት ለዩ፤ ምግቡም እንዲለወጥ ከጓደኞቻቸው ጋር ተከራከሩ። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 የታዘቡትን አሳትመዋል።

ይህ አሳዛኝ ታሪክ ለሳይንሱ ሌላ ቦታ የማይገኝ መረጃ ትቷል። የተበላው መጠን፣ የቆየበት ጊዜና የታመሙት ሰዎች ማንነት በውል የታወቀ ነበርና። ከሰፈሩ በሕይወት የተረፉት ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄደው ለአሥርት ዓመታት በሐኪሞች ክትትል ኖረዋል። ከእነርሱ አንዱ ከሞቱ በኋላ ስትራይፍለርና ባልደረቦቻቸው በ1977 ባሳተሙት የአስከሬን ምርመራ ከአንጎል ተነሥተው ወደ ታችኛው የኅብለ ሰረሰር ክፍል የሚወርዱት የእንቅስቃሴ ነርቮች መመናመናቸው ታየ። ከሁሉ ይልቅ የተጎዱት ረጃጅሞቹ ጭራዎች፣ ማለትም እግርን የሚያዝዙት ነበሩ። በሕሙማን አልጋ አጠገብ የሚታየው ምልክት ከዚህ ጋር ይስማማል፤ እግሮች ይገተራሉ፣ ጉልበቶች እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፣ ሕመምተኛው በእግሩ ጣቶች ይረግጣል፤ ቆዳው ግን ስሜቱን አያጣም፣ አእምሮውም እንዳለ ነው።

መርዙን ፍለጋ

የጓያ መርዝ ምንነት የታወቀው በ1964 ነው። በዚያው ዓመት ሁለት የህንድ የተመራማሪዎች ቡድኖች ከጓያ ፍሬ ውስጥ ቤታ-ኦዳፕ የተባለውን አሚኖ አሲድ ለይተው አወጡ። ይህ አሚኖ አሲድ ነርቭ ለነርቭ መልእክት የሚያስተላልፍበትን ግሉታሜት የተባለ ንጥረ ነገር ይመስላል። ከግሉታሜት ተቀባዮች ጋር ተጣብቆ የነርቭ ሕዋሱን ከልክ በላይ ያነቃቃዋል፤ በዚህም ሳቢያ ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይጎርፋል፣ የሕዋሱ የኃይል ማመንጫም ይታወካል። በ1986 ፒተር ስፔንሰርና ባልደረቦቻቸው ጓያና ንጹሑን መርዝ ለዝንጀሮዎች ሰጥተው በሰው ላይ ከሚታየው ጋር የሚመሳሰል ምልክት እንዳገኙ አስታወቁ።

ይህ ግኝት ከጓያ ድንበር ያለፈ ትርጉም ነበረው። ግሉታሜት ከልክ ሲያልፍ ነርቭን ይገድላል የሚለው ሐሳብ የእንቅስቃሴ ነርቮችን በሚያጠፉ ሌሎች በሽታዎች ምርምር ውስጥም ትልቅ ቦታ ያዘ። የግሉታሜትን ኃይል የሚቀንሰው ሪሉዞል የተባለው መድኃኒት በ1995 በአሜሪካ ለኤ.ኤል.ኤስ. በሽታ ተፈቀደ። ይኸው መድኃኒት የአንገት አከርካሪ መሸርሸር ኅብለ ሰረሰራቸውን ለተጫናቸው ሕሙማን ከቀዶ ሕክምና ጋር ተሰጥቶ ተሞክሯል፤ በ2021 የወጣው ውጤት ግን ከቀዶ ሕክምናው በላይ ጉልህ ጥቅም እንዳላስገኘ አሳይቷል። የሀብታም አገር አረጋዊና የድሀ አገር ገበሬ ነርቮች በሚጎዱበት መንገድ ይህን ያህል መቀራረባቸው ልብ ሊባል ይገባዋል። የተለያየው ለሁለቱ የተሰጠው ትኩረት ነው።

የኢትዮጵያ ሐኪሞች ድርሻ

የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር በ1961 ተቋቁሞ በቀጣዩ ዓመት የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔትን ማሳተም ሲጀምር የጓያ በሽታ በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ ለሚኖረው ገበሬ አዲስ ነገር አልነበረም። አዲስ የሆነው በሽታው መቆጠርና መመዝገብ መጀመሩ ነው። በ1978 ገብረአብና ባልደረቦቻቸው በመጽሔቱ ስለ ኒውሮላቲሪዝም ከቀደሙት ጥናቶች ዳሰሳ ጋር የአንድ ወረርሽኝ ዘገባ አወጡ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ከፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ስም ጋር የተያያዘ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ የነርቭ ሐኪም በመሆናቸው ከሆስፒታል የሕሙማን መዝገብ መጀመር ይችሉ ነበር። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ግን ወደ ገጠር ሄዱ። በቡታጅራ አካባቢ በመስቃንና ማረቆ በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ቤት ለቤት ተዘዋውረው በ60,820 ሰዎች መካከል የነርቭ በሽታዎችን ቆጠሩ። በ1990 የታተመው ይህ ጥናት በአፍሪካ ገጠር ከተደረጉት ሰፋፊ የነርቭ በሽታ ቆጠራዎች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት ስፔንሰርን ጨምሮ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር በደንቢያና በፎገራ ያካሄዱትን የላቲሪዝም ጥናት አሳተሙ። ጥናቱ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በሽታው በከፍተኛ ደረጃ የተሠራጨ መሆኑን በዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ አስመዘገበ።

የሕሙማኑን የጉዳት ደረጃ ለመለየት የተሠራበት አከፋፈል ቀላል ነው፤ ያለ ምርኩዝ የሚራመድ፣ በአንድ ምርኩዝ የሚራመድ፣ በሁለት ምርኩዝ የሚራመድና በእጁ የሚድህ። ማንኛውም የጤና ረዳት ያለ መሣሪያ ሊጠቀምበት ይችላል። አንድ የሃያ ዓመት ገበሬ ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው ደረጃ ሲወርድ ሞፈርና ቀንበር ከእጁ ይወጣሉ፤ በአራተኛው ደረጃ ላይ ከደጃፉም አይርቅም። በሽታው ነፍስ ስለማያጠፋ በሞት መዝገብ አይታይም። የሚያጠፋው የቤተሰቡን ጉልበት ነው።

በኅዳር 1995 በአዲስ አበባ ስለ ጓያና ስለ ላቲሪዝም ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሄደ። ፕሮፌሰር ረዳና የቤልጂየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፈርናንድ ላምባይን የጉባኤውን ጽሑፎች አዘጋጅተው አሳተሙ። በ1997 ደግሞ በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ቶልፔሪዞን የተባለው መድኃኒት የተገተረ እግርን ለማላላት ይረዳ እንደሆነ የመረመረ ጥናት ወጣ። ሕሙማኑን በዕጣ ከፍሎ፣ ለግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ሰጥቶ፣ ሐኪሙም ሕመምተኛውም ሳያውቁ የተካሄደ ሙከራ ነበር። መድኃኒቱ መገተሩን በመጠኑ ማርገቡ ተገልጿል። የሞተውን ነርቭ የሚመልስ መድኃኒት ግን አልተገኘም፤ ስለዚህም ዋናው ሥራ መከላከል ሆኖ ቀረ።

ደላንታ ዳውንት

መከላከልን በሚመለከት ለዓለም የቀረበው ጠንካራ ማስረጃ የመጣው ከወሎ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ድርቅ በመታው በደላንታ ዳውንት ወረዳ የጓያ በሽታ በወረርሽኝ መልክ ተነሣ። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን ከፕሮፌሰር ረዳና ከላምባይን ጋር ሆነው በ1999 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ሁኔታውን አስታወቁ፤ የታመሙት ሰዎች ቁጥርም ወደ 2000 እንደሚጠጋ ገመቱ።

ዶክተር ኃይለየሱስና ባልደረቦቻቸው በዚህ አላበቁም። ሁሉም ጓያ እየበላ አንዱ ታሞ ሌላው ለምን ዳነ የሚለውን ጥያቄ ያዙ። መልሱን የፈለጉት በማእድ ቤት ነው። ጓያ በአገራችን እንደ ሽሮና እንደ ክክ ወጥ ይሠራል፣ ቂጣና እንጀራ ይጋገርበታል፣ ይቆላል፣ ንፍሮ ይሆናል፣ በእሸትነቱም ከማሳ ተቀጥፎ ይበላል። ተመራማሪዎቹ የታመሙትን ከጤነኞቹ ጋር ሲያነጻጽሩ በእሸት፣ በቆሎና በንፍሮ መልክ ያዘወተሩት ለበሽታው የበለጠ የተጋለጡ መሆናቸውን አገኙ። በአንጻሩ ጓያን ከጤፍ፣ ከስንዴና ከመሳሰሉት እህሎች ጋር ቀላቅለው የበሉት፣ እንዲሁም ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በገባበት ወጥ መልክ የተመገቡት ስጋታቸው ዝቅ ያለ ነበር። ይህ ግኝት በ2003 በላንሴት ታተመ።

ማብራሪያው የሚገኘው በሰልፈር አሚኖ አሲዶች ላይ ነው። ሜታዮኒንና ሲስቲን የተባሉት እነዚህ ንጥረ ነገሮች ሰውነት የመርዝን ጉዳት የሚቋቋምበትን ግሉታታዮን ለመሥራት ያስፈልጋሉ። ጓያ ፕሮቲኑ ብዙ ቢሆንም በእነርሱ ድሀ ነው፤ እህሎች ግን ይሻሉበታል። ስለዚህ በረሃብ ጊዜ የሚታደለው የእርዳታ እህል ሆድ ከመሙላት ባሻገር ኅብለ ሰረሰርን ይጠብቃል። ይህም ማለት ስንዴው የሚደርስበት ሳምንት የሕክምና ጉዳይ ነው። ጓያ ብቻ መበላት ከተጀመረ ከሦስት ወር በኋላ የደረሰ ስንዴ ነፍስ ያድናል፤ እግርን ግን ላያድን ይችላል።

ሕዝቡ ለበሽታው የሚሰጠው ትርጓሜም በጥናቶቹ ተገልጧል። በአንዳንድ አካባቢዎች በሽታው የሚመጣው ጓያ ሲቀቀል ከሚወጣው እንፋሎት ወይም ገለባውን ከመንካት ነው ተብሎ ይታመናል። እናት ልጇን ከድስቱ እያራቀች ንፍሮውን የምትሰጠው በዚህ እምነት ነው። እምነቱ መንስኤውን ከጓያ ጋር ማያያዙ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው በመንገዱ ላይ ነው። የጤና ትምህርት ይህን ዕውቀት ከመናቅ ይልቅ ከእርሱ ተነሥቶ ማረም ይኖርበታል።

ክልከላና ዝርያ

ህንድ በ1961 የጓያን ሽያጭ በሕግ ከልክላለች፤ በተግባር ግን ገበሬው ማምረቱን አልተወም። ሌላ ሰብል በማይበቅልበት መሬትና ዓመት ክልከላ ብቻውን ሌላ ምግብ አያመጣም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ተክሉ አዞሩ። በኢትዮጵያ በ2000ዎቹ አጋማሽ መርዙ ዝቅ ያለ ዋሴ የተባለ ዝርያ ለገበሬው ተለቀቀ። ይሁን እንጂ የመርዙ መጠን እንደ አፈሩና እንደ ዝናቡ ከፍና ዝቅ ይላል፤ የተሻሻለው ዝርያም ከአካባቢው ዝርያ ጋር በቀላሉ ይዳቀላል። በ2023 የታተመ ጥናት ተክሉ መርዙን የሚሠራባቸውን ኢንዛይሞች አሠራር በዘረመል ደረጃ አብራርቷል። ይህ ወደፊት ከመርዝ ነጻ የሆነ ጓያ ለማግኘት በር ይከፍታል። እስከዚያው ድረስ ጓያን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ከእህል ጋር መቀላቀልና እሸቱን አለማዘውተር በገበሬው እጅ ያሉ መከላከያዎች ናቸው።

ለሐዋሳና ለአካባቢዋ ያለው ትርጉም

በ2020 የተመሠረተው የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ የሆነችው ሐዋሳ የጓያ አገር አይደለችም። በአካባቢዋ የሚበላው ቆጮና በቆሎ ነው። ይሁን እንጂ የጓያን ታሪክ ለደቡቡ ሐኪም የሚያቀርብ አንድ ሌላ ሰብል አለ፤ እርሱም ካሳቫ ነው። በአማሮ፣ በጋሞ፣ በጎፋ፣ በወላይታና በሲዳማ የሚበቅለው ካሳቫ ሥሩ ተቀቅሎ ይበላል፤ ዱቄቱም ከጤፍ፣ ከበቆሎ ወይም ከማሽላ ጋር ተቀላቅሎ ይጋገራል። እንደ ጓያ ሁሉ ድርቅን ይችላል፤ እንደ ጓያ ሁሉ የክፉ ቀን ምግብ ነው።

መራራው ካሳቫ በውስጡ ሳይናይድ የሚያወጣ ንጥረ ነገር አለው። በሚገባ ሳይዘጋጅ ለሳምንታት ዋና ምግብ ሲሆንና የፕሮቲን ምግብ ሲጎድል ኮንዞ የሚባለውን ሽባነት ያስከትላል። ኮንዞን በ1938 በቤልጂየም ኮንጎ የገለጸው ትሮሊ ነበር። በ1981 በድርቅ በተጎዳው የሞዛምቢክ ናምፑላ አውራጃ ከ1,100 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች፣ በዚሁ በሽታ ተያዙ፤ ወረርሽኙን ካጠኑት መካከል ስዊድናዊው ሐኪም ሃንስ ሮስሊንግ ይገኙበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1996 የበሽታውን መለያ መስፈርቶች አወጣ። እነዚህም ሲራመዱ ወይም ሲሮጡ የሚታይ የሁለቱም እግሮች እኩል መገተር፣ ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ተጀምሮ የማይባባስ መሆኑ፣ የጉልበት ወይም የቁርጭምጭሚት ምላሽ በሁለቱም በኩል መፍጠኑና የአከርካሪ በሽታ ምልክት አለመኖሩ ናቸው።

ኮንዞና የጓያ በሽታ በምልክት መንታ ናቸው። በአሠራርም ይቀራረባሉ፤ ሰውነት ሳይናይድን ለማርከስ የሚጠቀመው በእነዚያው የሰልፈር አሚኖ አሲዶች ነውና። ስለዚህ በሁለቱም ዘንድ ጥያቄው ሰውየው ምን በላ ብቻ ሳይሆን ከምን ጋር በላ የሚልም ነው። የኮንዞ መከላከያም ውድ አይደለም። አውስትራሊያዊው ተመራማሪ ብራድበሪ የካሳቫ ዱቄት በውኃ ረጥቦ፣ ስስ ሆኖ ተሰጥቶ በጥላ ሥር ለአምስት ሰዓት ሲቆይ ሳይናይዱ እንደሚተን አሳይተዋል። በ2010ሩ ዓመታት መጀመሪያ ይህ ዘዴ በኮንጎ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ መንደሮች ሲሠራበት አዲስ የኮንዞ ሕመምተኛ እንዳልታየ ተዘግቧል።

ሐዋሳ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የተመቸች ናት። በ1976 የተቋቋመው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ በ2000 የደቡብ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል፤ ዩኒቨርሲቲውም ከ2006 ጀምሮ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። የሰብል ባለሙያው፣ የሥነ ምግብ ተመራማሪውና ሐኪሙ በአንድ ተቋም ጥላ ሥር ይገኛሉ ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግብ ተመራማሪዎች በሲዳማ ነፍሰ ጡር እናቶች ላይ ያደረጉት የዚንክ ጥናት በአካባቢው የሚበላው ምግብ ምን እንደሚጎድለው በዓለም አቀፍ ደረጃ አሳውቋል። የጓያ ታሪክ እንደሚያስተምረው የእነዚህ ሦስት ሙያዎች መገናኘት ከአንድ አዲስ መድኃኒት ይልቅ ብዙ እግር ሊያተርፍ ይችላል።

ለሕክምና ክፍሉም ትምህርት አለው። በሁለቱም እግሩ መገተር መጥቶ የተኛ ሕመምተኛ ሁሉ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ፣ ዕጢ፣ የዲስክ መንሸራተት፣ የቢ-12 እጥረትና የቫይረስ በሽታ እንዳይኖርበት መመርመር ይገባዋል። የእነዚህ አብዛኞቹ ሕክምና ስላላቸው መርዝን አስቀድሞ ገምቶ ሌላውን መተው አደገኛ ነው። ሆኖም ምርመራው የአከርካሪውን ፎቶ በማየት ብቻ ሊያልቅ አይገባም። ከመታመሙ በፊት በነበሩት ሦስት ወራት በቤቱ ምን ይበላ ነበር፣ ዝናቡ እንዴት ነበር፣ በጎረቤትስ ተመሳሳይ ሕመም ያለበት ሰው አለ ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ገንዘብ አይጠይቁም። መልሳቸውም የሚጠቅመው ለተኛው ሕመምተኛ ብቻ አይደለም። በመንደሩ ገና በእግራቸው ለሚሄዱት ይበልጥ ይጠቅማል።

ማጠቃለያ

የጓያ በሽታ የምርምር ታሪክ በሁለት ፍጥነት የተጓዘ ታሪክ ነው። ሳይንሱ ከ1964 ወዲህ መርዙን ለይቷል፣ ነርቭን የሚጎዳበትን መንገድ አብራርቷል፣ የሚከላከለውንም የአመጋገብ ዘዴ አሳይቷል። ዕውቀቱ ወደ ገበሬው ቤት የሚሄድበት ጉዞ ግን ዘገምተኛ ነው፤ ድርቅ፣ ጦርነትና የኑሮ ውድነት ደግሞ አይጠብቁትም። የደላንታ ወረርሽኝ የተነሣው የመርዙ ስም ከታወቀ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነበር።

የኢትዮጵያ ሐኪሞች በዚህ ምርምር ውስጥ ያላቸው ድርሻ በሌላው ዓለም የተገኘውን ተቀብሎ ማስተላለፍ ብቻ አልነበረም። ቤት ለቤት ቆጥረዋል፣ ድስቱን ከፍተው አይተዋል፣ ዓለምም ያገኙትን ተቀብሏል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምናና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና በ2000ዎቹ ከተጀመረ ወዲህ የባለሙያው ቁጥር ጨምሯል፤ የምስል መሣሪያዎችም ወደ ክልል ከተሞች እየደረሱ ነው። ይህ ሁሉ ሊመሰገን የሚገባው እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ በጓያ ወይም በካሳቫ የተመነመነን ኅብለ ሰረሰር የትኛውም ቀዶ ሕክምና አይመልሰውም። የሚያተርፈው ዝናብ ባጠረበት ዓመት ሰብል በጠፋበት ወረዳ አስቀድሞ የሚጠየቅ ጥያቄና በጊዜው የሚደርስ እህል ነው። ጥያቄውን የመጠየቅ ኃላፊነት የጤና ባለሙያው ነው።